ኮርኒሱን ትታችሁ ዳገቱን እዩ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሲገዛና ሲሸጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሥራዬ ግንባታ ነው። ሰዎች ቤት ሊገዙ ሲሉ «ና እስቲ አብረን እንየው» ብለው ይጠሩኛል። ችግሩ፣ አብዛኞቹ የሚጠሩኝ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ነው። ያኔ የማሳያቸው ነገር ሁሉ መርዶ ይሆንባቸዋል። ከቀብድ በፊት መታየት ያለበትን እዚህ ልጻፈው።

ቤቱን በበጋ አይቶ መግዛት

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ግቢው ደርቋል፣ ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ገዢ ይገባና ሳሎኑን ይለካል፣ ኮርኒሱን ያደንቃል፣ ሴራሚኩን በእግሩ ይዳብሳል። ከቤቱ ጀርባ ዞሮ ዳገቱን የሚያይ ግን የለም።

ደሴ እኮ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ዶፍ ነው። ከጦሳ የሚወርደው ውሃ ቦርከና ወንዝ እስኪገባ ድረስ በሰው ግቢ ያልፋል። በላይ የሚሄደው ጎርፍ ይታያል፣ ቦይ ይቀደድለታል። የሚያስፈራው ወደ አፈሩ የሚሰርገው ነው። አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እርስ በርስ መያያዙም ይላላል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ቀስ እያለ መንሸራተት ይጀምራል፤ ቤቱንም ይዞ። ብዙ ጊዜ ባንድ ሌሊት አይሆንም። በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ያርፋል። ባለቤቱ ስንጥቁን በጀሶ ይደፍንና ይሸጠዋል።

አንድ ደንበኛዬ ቀብድ ከከፈለበት ቤት ወሰደኝ። ሳሎኑ ውስጥ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ተቀብቷል። ሻጩን ስጠይቃቸው «ልጆች አቆሽሸውት ነው» አሉኝ። በቁልፍ ትንሽ ፋቅ ሳደርገው ጀሶው ተፈረፈረ። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነበር፤ ቁልፉ እስከ ግማሹ ገባበት። ጀርባ ዞርን። የድጋፍ ግንቡ መሃሉ ላይ ሆዱን ነፍቷል። ከግንቡ በላይ፣ ልክ ጫፉ ላይ፣ የላይኛው ጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ክረምት ከበጋ ያንን አፈር ያረጥባል ማለት ነው።

ቀብዱስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ከፋዩ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰውዬው «ጉዳቱን ደብቀውኛል» ብሎ መክሰስ ይችል ነበር። ፍርድ ቤት መመላለሱን አልፈለገም። ገንዘቡን ትቶ ወጣ። እንደኔ እንደኔ ደግ አደረገ፤ ግን አንድ ሳምንት ቀድሞ ጠርቶኝ ቢሆን ምንም አይከፍልም ነበር።

ስለዚህ ከቻላችሁ ነሐሴ ላይ እዩት። ካልቻላችሁ በበጋም ምልክት አለ። የግቢው ዛፍና የመብራት ምሰሶው ቀጥ ብሏል ወይስ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ብሏል? ግንቡ ላይ ውሃ ማስወጫ ቱቦ አለ? ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋዋል። ከቤቱ በላይ በደረቅ ወራት ለምለም ሣር ካያችሁ ከሥሩ ውሃ አለ ማለት ነው። በርና መስኮቱን አንድ በአንድ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ አልገጥም የሚል ከበዛ ቤቱ ተንቀሳቅሷል። ልስን ላይ የምታዩት የፀጉር ያህል ስንጥቅ ግን አያስጨንቃችሁ፣ አብሽሩ።

ጎረቤትም ጠይቁ። በተለይ የታችኛውን ጎረቤት፤ ውሃው የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ «ክረምቱ እንዴት ነው እዚህ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ሙሌት

ዳገት ላይ ቤት ለማቆም የላዩ ይቆረጥና አፈሩ ወደ ታች ይሞላል። ቤቱ ግማሹ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ይቀመጣል። ሙሌቱ በየንብርብሩ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል፤ ቤቱም መሃል ለመሃል ይከፈላል። ሻጩን «መሠረቱ ምን ያህል ወርዷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ያሠራው ሰው ይሄን አይረሳም።

ባለቤቶችም ይሄን ስህተት ከሌላ በኩል ይሠሩታል። ሰርቪስ ቤት ለመጨመር የዳገቱን እግር ቆርጠው ይተዉታል። «ግንቡን በሚቀጥለው ዓመት እሠራዋለሁ» ይላሉ። ክረምቱ ግን አይጠብቅም። ግንብ የምትሠሩበት ብር ካልተዘጋጀ አትቁረጡ።

አሸንዳ አለመስቀል

የጣራችሁን ውሃ መሠረታችሁ ሥር አታፍስሱ። አሸንዳ ስቀሉ፣ እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ በቱቦ አውርዱት። በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

«ኮምቦልቻ ሜዳ ነው» ብሎ መዘናጋት

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ሰው እዚያ ሲደርስ ዳገት ስለሌለ ልቡን ይጥላል። ችግሩ ጥቁር አፈሩ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ግንቦት ላይ መሬቱን ብታዩት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ቀለል ያለ መሠረት እዚህ አፈር ላይ ከተቀመጠ ግድግዳው በየዓመቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ መውረድ አለበት፤ አለዚያ አፈሩ ወጥቶ በሌላ መተካት አለበት። ቦርከና ዳር የሆነ ቦታ በርከስ ብሎ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ።

ፌሮ ላይ መቆጠብ

የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። ካራቆሬ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለች ናት። እናም ቤት ስታሠሩ ኮለንና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ ስታፋ፣ ማለትም ፌሮውን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ አራርቆ የሚያስር ሠራተኛ ካያችሁ ወዲያው አስቁሙት። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

የወረቀት ስህተቶች

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ማማከር የግድ ነው። ግን ተመሳሳይ እንባ ደጋግሜ ስላየሁ የማውቀውን ልበል።

የቀበሌ ቤት አይገዛም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት የዞረ ቤት ነው፤ ተከራዩ የሚሸጠው የሌለውን መብት ነው። ከከተማው ዳር ከገበሬ የሚገዛ መሬትም እንደዚያው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በሽማግሌ ፊት ተፈራርማችሁ የጨረቃ ቤት ብትሠሩ፣ ዶዘሩ ሲመጣ ያ ወረቀት አያድናችሁም።

ይዞታው ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ እንዳለ ጠይቁ። ካርታው ዋና መሆኑን፣ ቤቱ ከዕዳና እግድ ነፃ መሆኑን ከከተማው የሚመለከተው ቢሮ ራሳችሁ አረጋግጡ። ደላላው «ሁሉ ነገር ንጹህ ነው» ማለቱ ማስረጃ አይደለም። ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ፤ አዲስ አበባ ያለችው እህት «ትስማማለች» አይበቃም። በውክልና ከሆነ፣ መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ የተጻፈበት መሆኑን እዩ፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ። ወካይ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል።

ውሉ ላይ ዋጋ ማሳነስ ሌላው ልማድ ነው። ቤቱ በአራት ሚሊዮን ይሸጣል፣ ውሉ ላይ አንድ ሚሊዮን ይጻፋል፤ ለቴምብርና ለግብር እንዲቀንስ። ገዢዎች ሆይ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ «የከፈልኩት አራት ነው» ብላችሁ በምን ታስረዳላችሁ? ወረቀቱ አንድ ይላል። ፊርማውም የእናንተው ነው። ግብር ለማምለጥ ብሎ መጻፉ ራሱ ወንጀል መሆኑም አይዘንጋ። የከፈላችሁትን ጻፉ፣ በባንክ ክፈሉ።

በወንድም ስም መግዛት

እዚህ ላይ ልቤ ይነካል። ልጅቷ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ብር ትልካለች። ቤቱ ደሴ ላይ በወንድሟ ስም ይገዛል። ወንድም ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ያገባል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቢፋታ ቤቱ ክፍፍል ውስጥ ይገባል። ቢሞት ልጆቹ ይወርሳሉ። እሷ ስትመለስ እጇ ላይ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ነው። እሱንም ያስቀመጠች እንደሆነ ነው።

እህቴ፣ ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። ወንድምሽ በአንቺ ስም እንዲገዛልሽ ውክልና ስጪው። ካርታው ላይ ያንቺ ስም ይውጣ። ወንድምሽን አለማመን አይደለም፤ ነገ ከልጆቹና ከሚስቱ ጋር እንዳትካሰሺ ነው።

ሻጮችም ስሙ

ስንጥቅ አትደብቁ። ስንጥቁን አሳይታችሁ፣ ያስጠገናችሁበትን ደረሰኝ አቅርባችሁ ዋጋ ተደራደሩ። ደብቃችሁ ከሸጣችሁ ክሱ ተከትሏችሁ ይመጣል። የዘመኑን ግብር ከፍላችሁ ጨርሱ፤ ስም ዝውውሩ በዚያ ሰበብ እየተጓተተ ገዢ ሲሸሽ አይቻለሁ።

ቀሪውን ገንዘብ ሳትቀበሉ ደግሞ ቁልፍ አታስረክቡ። «ዕቃዬን ብቻ ላስገባ፣ ልጆቹ ትምህርት ሊጀምሩብኝ ነው» የሚል ገዢ ይመጣል። አንጀት ይበላል። ዕቃው ከገባ በኋላ ግን ቀሪው ክፍያ ከወር ወር ይገፋል፤ ሰው ከነልጆቹ የገባበትን ቤት ማስለቀቅ ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። የርክክቡን ቀን ከመጨረሻው ክፍያ ጋር አስራችሁ ውሉ ላይ አጽፉት። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብም በዚያው ቀን ሁለታችሁም ባላችሁበት መዝግቡት።