በጅማ የኤሊ ቤት እርጥበት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ በመሆኗ፣ እዚህ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው ስለ እርጥበት የሚጨነቅበት ምክንያት ያለ አይመስለውም። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ከዚሁ ግምት ነው። ቅርፊቱ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነው የአገራችን ኤሊ በተፈጥሮው የሞቃታማ ሣር ምድር እንስሳ ስለሆነ፣ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡበት ይታመማል፤ ጫጩቱ ደግሞ ደረቅ አየር ውስጥ ካደገ ቅርፊቱ ይበላሻል። (ኤሊን ያለ ፈቃድ ከዱር አምጥቶ ማሳደግ በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ ከዚህ በታች ያለው ምክር በእጁ ላለ ሰው እንጂ አዲስ ለመያዝ ለሚያስብ አይደለም።)

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት የውጭውን አየር አይቶ ኤሊው የሚኖርበትን ሣጥን አየር መገመት ነው። አየር በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን መጠን ስለሚጨምር፣ ውሃ ካልታከለበት አንጻራዊ እርጥበቱ (በውስጡ ያለው ተን ሊሸከም ከሚችለው አንጻር በመቶ ሲሰላ) እየወረደ ይሄዳል። ለምሳሌ በክረምት ሌሊት 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ አምፖል ወደሚሞቀው ሣጥን ገብቶ 28 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 33 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ውጭ ዶፍ እየወረደ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጫጩት በድርቀት ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለጫጩት የሚመከረው ከ70 እስከ 80 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሌላ የአፍሪካ ኤሊ ዝርያ ላይ የታተመ ጥናትም፣ የቅርፊት ጉብጉብ ማለት ከምግብ ፕሮቲን ይልቅ ከአየር ድርቀት ጋር በይበልጥ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ አየሩን ለማርጠብ ብለው መሬቱን ጭቃ ያደርጉታል። ኤሊው ቀን ከሌት በረጠበ ነገር ላይ ሲተኛ የሆዱ ቅርፊት እየላላ ይሄዳል፤ በጣት ሲጫኑት ለስላሳ ቦታ ይገኛል፣ ሲያሸቱትም ይከረፋል። የሚሻለው የንጣፉን የታችኛውን ክፍል አርጥቦ የላይኛውን ደረቅ ማድረግ ነው። ለመመርመር አንድ እፍኝ አፈር ከታች አንስተው ይጨምቁ፤ ተጣብቆ ከቀረ በቂ ነው፣ በጣቶችዎ መካከል ውሃ ከፈሰሰ ግን እርጥበቱ ከልክ አልፏል። ማታ ላይ ውሃ መርጨት በተለይ በጅማ አይመከርም፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ ሣጥኑ ቀዝቅዞ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ የሳንባ ሕመም የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ሣጥኑን ለማሞቅ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍሉ ማስገባት ግን ለኤሊውም ለባለቤቱም ገዳይ ስለሆነ በፍጹም አይሞከር።

በንጣፍ ምርጫም ስህተት አለ። የቡና ገለባ በከተማው እንደ ልብ የሚገኝ ቢሆንም፣ ሲረጥብ ቶሎ ይሻግታል፤ ካፌይንም ስላለው ኤሊ ሊበላው ከሚችልበት ቦታ መራቅ አለበት። ሰጋቱራም አቧራው ዓይንና አፍንጫ ያስቸግራል። ኬሚካል ያልነካው አፈር ከደረቀ ቅጠል ጋር ቢደባለቅ ከሁለቱም ይሻላል።

እርጥበት እንዳይወጣ ሣጥኑን በላስቲክ አሽጎ መዝጋት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፤ አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ሻጋታ ያፈራል። ከላይ ያለውን ክፍት በከፊል ሸፍኖ፣ ከጎን ዝቅ ብሎ ጥቂት ቀዳዳዎች መተው ይበቃል።

ስለ መለኪያው። ያለ እርጥበት መለኪያ የሚሠራ ሁሉ በግምት ነው የሚሠራው፤ መለኪያውን ከአምፖሉ ሥር ወይም ከጣሪያው ላይ የሚሰቅል ሰውም ኤሊው የሚተነፍሰውን አየር እየለካ አይደለም፤ በኤሊው ቁመት ልክ ይቀመጥ። ርካሽ መለኪያዎች ስለሚዋሹ መፈተን ያስፈልጋል፦ በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው፣ ሳይሟሟ ሊጥ እስኪመስል ድረስ በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርጥቡት፤ ከዚያም ከመለኪያው ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ከድነው ያሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት፤ ልዩነቱን መዝግበው ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ላይ ይደምሩ ወይም ይቀንሱ።

ጫጩቱንና ትልቁን በአንድ ዓይነት እርጥበት መያዝም ስህተት ነው። ለትልቅ ኤሊ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃዋል። በክረምት ዋናው ሥራ ደረቅና ሞቃት መጠለያ ማዘጋጀት ሲሆን፣ በበጋ ደግሞ በተለይ ጫጩቱን ለብ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እየነከሩ ማጠጣት ነው፤ ውሃው ከአገጩ ማለፍ የለበትም።

በአፍንጫው አረፋ ከታየ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም ምግብ ከተወ፣ የእርጥበቱን ጉዳይ እያስተካከሉ ሳይዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል። ሲሄዱ የመለኪያውን ንባብና የሌሊቱን ሙቀት ጽፈው ቢይዙ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።