የመንግሥት ሥራ ፈላጊን ለአጭበርባሪ የሚያጋልጡ ስህተቶች

ሐሰተኛ የመንግሥት ቅጥር ሰው የሚያገኘው ሥራ ፈላጊው የዋህ ስለሆነ አይደለም። «ያለ ዘመድ መንግሥት ቤት አይገባም» የሚለው እምነት ቀድሞ ስላለ ነው። ይህን የሚያምን ሰው በጓሮ በር የመጣ ጥሪ አያስደነግጠውም፤ እንዲያውም በሩ በመጨረሻ ለእሱም የተከፈተ ይመስለዋል። ገንዘብ ሲጠየቅም ወጉ ነው ብሎ ይከፍላል። ከታች ካሉት ስህተቶች የአብዛኞቹ ምንጭ ይኸው እምነት ነው።

ማስታወቂያውን ያዩበትን ቻናል እንደ ምንጭ መቁጠር

ክፍት የሥራ መደቦችን የሚያሰባስቡ የቴሌግራም ቻናሎች ወሬውን ለመስማት ይጠቅማሉ እንጂ ማረጋገጫ አይሆኑም። የተለመደው ዘዴ የቆየ እውነተኛ ማስታወቂያ ወስዶ ቀኑንና የማመልከቻ አድራሻውን ብቻ መቀየር ነው። የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ የሚጠየቀው የትምህርት ዝግጅት ሁሉም ትክክል ስለሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ይሳሳታል። አንድ ቀላል መፈተሻ አለ፤ የተጻፈውን ቀን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማመሳከር። ቀኑን የቀየረ ሰው ዕለቱን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፤ «ሰኞ» ተብሎ የተጻፈው ዓርብ ላይ ይውላል።

በአዲስ ዘመን ወጣ ከተባለ የዚያን ዕለት ጋዜጣ ራሱን ያግኙ፤ ተቆርጦ የተለጠፈ ፎቶ አይበቃም። ጋዜጣ ላይ ከሌለ የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ይዩ። ክፍለ ሀገር ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ልኮ ማሳየት ይችላል።

የተከታይ ብዛት ምንም አያረጋግጥም። ቻናል ስሙን ቀይሮ ተከታዮቹን ይዞ ይቀጥላል፤ ትናንት የኳስ ወሬ ያወራ የነበረው ዛሬ የጉምሩክ ኮሚሽን ዓርማ ለጥፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ወደ ላይ ተመልሰው የቆዩ ጽሑፎቹን ያንብቡ። በፌስቡክ ደግሞ ስለ ገጹ የሚገልጸው ክፍል መቼ እንደተከፈተና ቀድሞ ምን ይባል እንደነበር ያሳያል።

የድረ ገጽ አድራሻን ከመጀመሪያው ብቻ ማንበብ

በአድራሻ ላይ ወሳኙ፣ «https://» ካለፈ በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) በፊት ያለው መጨረሻ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አድራሻ በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ያልቃል። «ጎቭ» መሐል ላይ ተሰንቅሮ መጨረሻው «ዶት ኮም» ወይም ሌላ ከሆነ ማንም የገዛው ሊሆን ይችላል። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ግን ይለያሉ፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጠቀመው በ«ዶት ኮም» የሚያልቅ አድራሻ ነው። ስለዚህ ከቻናል የመጣ ሊንክ ከመንካት አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ይግቡ።

ደብዳቤውን በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ማጣራት

ይህ ሌባውን «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ያው ሰው ነው፤ ደግሞም በጣም ጨዋ ነው።

ማኅተም ላይ መፍዘዝም ከንቱ ነው። ማኅተምና ቲተር ከሌላ ደብዳቤ ተቀድቶ በደቂቃዎች ይለጠፋል። ሊቀዳ የማይችለው መዝገቡ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በወጪ መዝገብ ይሰፍራል። የደብዳቤውን ቁጥር ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ወይም ሰው ሀብት ይሂዱና «ይህ ከእናንተ ወጥቷል?» ይበሉ። በአካል መሄድ ካልተቻለ ዋናውን ስልክ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወስደው ይደውሉና ወደ ሰው ሀብት እንዲያዞሩልዎ ይጠይቁ።

ይዘቱንም ይመርምሩ። ትክክለኛ የቅጥር ደብዳቤ የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውን፣ ደመወዙንና ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ይናገራል፤ ከግርጌው ግልባጭ የሚደረግላቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ሐሰተኛው ግን «እንኳን ደስ አለዎት» ላይ ይረዝምና የሥራ መደቡን ይዘለዋል። ከሁሉ በላይ ያልተፈተኑበት ፈተና ውጤት አይኖርዎትም። ሳያመለክቱ፣ ሳይፈተኑ፣ ቃለ መጠይቅ ሳይቀርቡ አለፉ ከተባሉ ሌላውን መመርመርም አያስፈልግም።

በደመወዙ መጠን መታወር

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የፌዴራል ደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር፣ የጠቅላላው የደመወዝ እርከን ጣሪያ ደግሞ 39,000 ብር ነው። ለዜሮ ዓመት ልምድ 45,000 ብር የሚከፍል «ሚኒስቴር» ከየት መጣ? የልማት ድርጅቶች የራሳቸው እርከን ስላላቸው ይህ መለኪያ ለእነሱ አይሠራም።

ለመቀጠር መክፈል

መጠኑ መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ «ለቅጽ» ጥቂት መቶ ብር። የሚጠየቀው ሰው ለዚህች ብሎ ይልካል። ቀጥሎ የሜዲካል፣ የዩኒፎርም፣ የሥልጠና፣ የመታወቂያ ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍያ ቀድሞ የተከፈለውን ላለማጣት የሚከፈል ስለሆነ ሰው እየጠረጠረም ይልካል። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «እስከ 11 ሰዓት» ይባላል፤ መሥሪያ ቤት ሄዶ ለመጠየቅ ሰኞን መጠበቅ ያስፈልጋላ።

ግራ የሚያጋባው ከሥራ ጋር በተያያዘ እውነተኛ ወጪዎችም መኖራቸው ነው። የጤና ምርመራ ወይም ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ገንዘብ ያስወጣል። ግን ክፍያው ለሆስፒታሉ ወይም ማስረጃውን ለሚሰጠው ተቋም ነው፤ በዚያው መስኮት፣ በደረሰኝ። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ተቀብሎ አያስተላልፍም። በቴሌብር ሲልኩ ከማረጋገጥዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። የግለሰብ ስም ካዩ እዚያው ያቁሙ፤ «የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው» ቢባልም።

ወደ ውጭ አገር በ«መንግሥት ኮታ» እንልካለን የሚሉትም በዚሁ ይታያሉ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው ፓስፖርቱንና የጤና ምርመራውን የመሳሰለውን ይሸፍናል። ለቪዛ ክፈሉ ያለ ደላላ በዚህ ብቻ ይታወቃል። የኤጀንሲ ፈቃድ የሚጠየቀው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

ሰነድንና ኮድን አብሮ መስጠት

ኦሪጅናል ዲግሪ ይታያል፣ ይመሳከራል፣ ተመልሶ ይሰጣል፤ ለማንም አይተውም። በሚልኩት ኮፒ ላይ «ለእከሌ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብለው ከነቀኑ ይጻፉበት፤ ለሌላ ነገር ለመጠቀም ያስቸግራል።

ከሰነዱ ይልቅ የከፋው በስልክ የሚመጣው ኮድ ነው። «የምዝገባ ቁጥርዎ በኤስኤምኤስ መጥቷል፤ ይንገሩን» ሲሉዎት የመጣው የቴሌግራም መግቢያ፣ የፋይዳ ማረጋገጫ ወይም የባንክ ኮድ ነው። የቴሌግራሙን ከሰጡ በማግስቱ ያው የሥራ ማስታወቂያ በእርስዎ ስም ለጓደኞችዎ ይላካል፤ እነሱም እርስዎን ስለሚያምኑ ይከፍላሉ።

ከተታለሉ በኋላ መጀመሪያ መሳደብ

ንዴቱ ይገባል፤ ግን በቴሌግራም አንዱ ወገን ሙሉውን ንግግር ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። እንደነቁ ሳያሳውቁ መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት ያንሱ፦ ንግግሩን፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልኩን፣ ደብዳቤውን፣ የዝውውሩን ቁጥርና ሰዓት። ቀጥሎ ወዲያውኑ ለላኩበት ተቋም ይደውሉ፤ ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127። ገንዘቡ ካልወጣ የተቀባዩ ሒሳብ እንዲታገድ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለዚህ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ከዚያ ማስረጃውን አትመው ወደ ፖሊስ። ድርጊቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 «አታላይነት» ነው።

ብዙዎች ግን አይሄዱም። «ጉቦ ሰጥቼ ነው የምባለው» ብለው ይፈራሉ፤ አታላዩም «አንተም ትጠየቃለህ» እያለ ይህን ፍርሃት ያበስለዋል። የተባሉትንና የከፈሉበትን ምክንያት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገሩ፤ ከተጨነቁ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ከቀናት በኋላ «የተበላ ገንዘብዎን እናስመልሳለን፤ ለማስፈጸሚያ ብቻ ይላኩ» የሚል ሰው ከደወለ ስልክዎን ያገኘው ከመጀመሪያው አታላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ያንንም ቁጥር ከማስረጃው ጋር ያያይዙት።