በደሴና በኮምቦልቻ የቆዳ ክሊኒክን ደኅንነት እንዴት እንጠብቅ? ከኦቶክሌቭ እስከ አድሬናሊን

በቆዳ ክሊኒክ የሚሠራው ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ኪንታሮት ይቃጠላል፣ እባጭ ይከፈታል፣ ላበጠ ጠባሳ መርፌ ይወጋል፣ ለምርመራ ናሙና ይቆረጣል፤ ታካሚው ወዲያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁሉም ግን ደም የሚነካካ ሥራ ነው። ደም ባለበት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ክሊኒክ የምትከፍቱም ሆነ ያለውን የምታሻሽሉ፣ ሥራውን መሣሪያ ከሚታጠብበትና ከሚመክንበት (ጀርም ሁሉ ከሚጠፋበት) ክፍል ጀምሩ።

መቀቀል ማምከን አይደለም፤ በተለይ በእኛ አገር ከፍታ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች 94 ዲግሪ ይጠጋል። የባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው ጠንካራ ቅርጹ) በዚህ ሙቀት አይሞትም፤ 121 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት ይፈልጋል። ለዚህ ኦቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት የሚያመክን ማሽን፣ የግድ ነው።

ኦቶክሌቭ ያላቸውም ቢሆኑ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። መመሪያው ብዙ ጊዜ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይላል። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ ደጋ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ደሴ ውስጥ ሙቀቱ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። 121 ለመድረስ በደሴ 19፣ በኮምቦልቻ 18 ፒኤስአይ አካባቢ ያስፈልጋል። ግፊቱን ከመጨመራችሁ በፊት ግን በማሽኑ ታርጋ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት አንብቡ። የደኅንነት ቫልቩ ቀድሞ የሚከፈት ከሆነ በሽቦ አትሰሩት፣ ክብደትም አትጫኑበት፤ ሊፈነዳ ይችላል። የባዮሜዲካል ባለሙያ ጥሩና ያስተካክለው። ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ከሆነ ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱን እመኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ከታካሚው ላይ እንደተነሣ 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቀመጣል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ካላችሁ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። መቶኛው ሌላ ከሆነ በ0.5 አካፍሉትና አንድ ቀንሱ፤ የሚወጣው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ መጠን ነው። ውህዱ በየቀኑ ይለወጣል፣ ከደፈረሰም ቀኑን አይጠብቅም። ከ10 ደቂቃ በላይ ማቆየት ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ መቀስ ደግሞ በምንም ዘዴ በደንብ አይጸዳም።

ቀጥሎ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ፣ በሳሙናና በብሩሽ፣ ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ እሹት፤ ከውሃው ውጭ ካሻችሁት ፍንጣቂው ዓይን ውስጥ ይገባል። የመቀሱና የፒንሴቱ መገጣጠሚያ ተከፍቶ ይታጠብ። ደም የደረቀበት መሣሪያ ኦቶክሌቭ ቢገባም አይመክንም፤ እንፋሎቱ ከደሙ ሥር አይደርስም።

ጥቅሎቹን አታጨናንቁ፤ በመካከላቸው እንፋሎት ማለፍ አለበት። በድስት ዓይነቱ ማሽን የአየር መውጫው እስኪያፏጭና እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ እስኪወጣ ክፍት ይቆይ። አየር ከቀረ ጌጁ ሞልቶ ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ለተጠቀለለ 30፣ ላልተጠቀለለ 20 ደቂቃ። መብራት በመሃል ከጠፋ የተቆጠረው ይሰረዝና እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ይህን ከሠራተኛ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ሲያልቅ ጥቅሉ እዚያው ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል እንዳልመከነ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ጀርም በእርጥበቱ ተስቦ ይገባል። ቀለሙን የሚቀይረው ቴፕ ጥቅሉ እንፋሎት እንዳገኘ ይነግራችኋል እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም፤ ለዚያ በየሳምንቱ የስፖር ምርመራ አድርጉ፤ ስፖር ያለበት ናሙና ከጭነቱ ጋር ይገባና መሞቱ ይታያል። የጭነቱን ቀን፣ የተደረሰበትን ሙቀት፣ ደቂቃውንና የሠራተኛውን ስም በመዝገብ ጻፉ።

ወደ መርፌው እንምጣ። ላበጠ ጠባሳ ትሪያምሲኖሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት በምትወጉበት ጊዜ መርፌውን ብቻ ለውጦ በአንድ ሲሪንጅ ለሁለት ሰው መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድም። ደም በግፊት ወደ ሲሪንጁ ይመለሳል፣ ዓይን ግን አያየውም። ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት ብልቃጥ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት፤ ከ28 ቀን በኋላ፣ አምራቹ ከዚያ ያነሰ ካዘዘም በዚያው፣ ይወገድ። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስም፤ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ቆሻሻ ሣጥን) ይገባል፣ ሣጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል። ማደንዘዣው ሊዶካይን አድሬናሊን ከሌለበት በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ነው ወሰኑ። ይህም 2 በመቶ ከሆነ ለ60 ኪሎ ሰው 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ኪንታሮት በፈሳሽ ናይትሮጅን የምታቃጥሉ ከሆነ ለእያንዳንዱ ታካሚ በተለየ ኩባያ ቅዱ። ያገለገለውን ጥጥ ወደ ዋናው ዕቃ መልሶ መንከር ቫይረሱን ያስተላልፋል፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቢሆንም ቅዝቃዜው አይገድለውም። በኤሌክትሪክ ስታቃጥሉ ደግሞ ቆዳው የተጠረገበት አልኮል ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ካልደረቀ ይነዳል። ጭሱም ቫይረስ ስለሚይዝ መስኮት ክፈቱ፣ ኤን95 ማስክ አድርጉ።

ለድንገተኛ ከባድ አለርጂ በክሊኒኩ ማንም በቀላሉ የሚያገኘው የአድሬናሊን አምፑል ይኑር። ከመርፌ በኋላ ታካሚው ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ከዛለ፣ ለአዋቂ 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነው አድሬናሊን ግማሽ ሚሊ ሊትር በጭኑ የውጭ ጡንቻ ላይ ይወጋ። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ታካሚውን አጋድማችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን እንዲቀመጥ ፍቀዱለት። አምቡላንስም ጥሩ።

ምርመራም የጥራት ጉዳይ ነው። በወሎ ደጋ የሚኖር ሰው ፊቱ ወይም አፍንጫው ላይ የማይድን እብጠት ይዞ ሲመጣ ቁንጭርን (የቆዳ ሌይሽማኒያሲስን) አስቡ፤ አትቁረጡት፣ አታቃጥሉት። ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ይወሰድ፣ ወይም ከደሴ ቅርብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይላክ። ነጣ ያለ ነጠብጣብ ላይ በጥጥ ነክታችሁ ስሜት ከሌለው የሥጋ ደዌ ጥርጣሬ ነው፤ እሱም ወደዚያው ይላክ። ጭርት ለሚመስል ቁስል የስቴሮይድ ክሬም ከመስጠት በፊት ቅርፊቱን ፍቃችሁ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ፈንገስ ከሆነ ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያስታግስና ቁስሉን ያሰፋዋል። ማድያት ይዞ ለመጣ ሰው ይዘቱ ያልተጻፈ ቅልቅል ክሬም መስጠት ይብቃ፤ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተዘጋጀበትና የሚያበቃበት ቀን ይታይ።

ሠራተኞቻችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመጀመሪያው ቀን፣ በ1ኛው ወርና በ6ኛው ወር ይውሰዱ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ቆሻሻውን የምትይዘው እሷ ናትና። መርፌ የወጋው ሰው ቁስሉን በውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ አይጭመቀው፣ በረኪናም አያፍስበት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። መድኃኒቱ የት ጤና ተቋም እንደሚገኝና ማን እንደሚደወልለት በማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጠፍ።