በጭነት መኪና ባሌስትራ ላይ የሚፈጸሙና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሲሚንቶ ጭኖ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በደንገጎ ዳገት በኩል ሽቅብ የሚወጣ መኪና በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ውጭው ጎን ስለሚያጋድል፣ በዚያ በኩል ያለው ባሌስትራ፣ ማለትም ቅጠል በሚባሉ ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረቶች የተሠራው የመኪናው ምት ማርገቢያ፣ ከድርሻው በላይ ይሸከማል። ባሌስትራ ሥራውን የሚሠራው በመለመጥና በመመለስ ነው። በየጋራዡ የሚደጋገሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ዘንግቶ እንዳይለመጥ ለማድረግ ከመጣር የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያውና በጣም የተለመደው ስህተት፣ ተጨማሪ ጭነት ለመጫን ሲባል ከነባሮቹ የወፈረ ቅጠል መጨመር ነው። የቅጠል ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ልክ ነው፤ 10 ሚሊሜትር የነበረው በ12 ሚሊሜትር ቢተካ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም ባይታይም ግትርነቱ በ73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቅጠሎቹ በአንድነት ታስረው ስለሚለመጡ ጉብጠታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በተመሳሳይ ጉብጠት ደግሞ የወፍራሙ ቅጠል ገጽ ከቀጭኑ የበለጠ ይለጠጣል። ስለዚህ ለማጠናከሪያ የገባው ወፍራም ቅጠል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው ራሱ ይሆናል። ባሌስትራው ያልዋጠው ምት ደግሞ የትም አይጠፋም፤ መኪናው ወደተሠራበት ዋና የብረት አካል፣ ወደ ሻንሲው፣ ይሻገርና በጊዜ ብዛት እዚያ ስንጥቅ ያስከትላል። መኪናው እንዲሸከም ከተሠራበት በላይ መጫን ስህተት መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ቅጠል መደራረብ ፍሬኑንም ጎማውንም አያጠነክርም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው፣ በቅጠሎቹ መካከል የሚገባውንና እንዳይንሸራተቱ የሚያግዳቸውን አሸዋና ዝገት ችላ ማለት ነው። ሁለት ባለ 10 ሚሊሜትር ቅጠሎች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ሲለመጡ የአንዱን ሁለት እጥፍ ግትርነት ይሰጣሉ፤ ተጣብቀው እንደ አንድ ባለ 20 ሚሊሜትር ብረት ቢሆኑ ግን ስምንት እጥፍ ይሆን ነበር። ባሌስትራ ተደራርቦ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የድሬዳዋውን ደቻቱን የመሰለ አሸዋማ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ባሌስትራው በየጊዜው ሊታጠብ ይገባል። አሸዋው ሳይወጣ ግራሶ መቀባት ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ ግራሶው አሸዋውን ይዞ ብረቱን ይሞርደዋልና።

ሦስተኛው የተሰበረን ቅጠል በብየዳ መቀጠል ነው። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ብዙውን ጊዜም ሲሊከንና ማንጋኒዝ ወይም ክሮም የተጨመረበት ሆኖ፣ እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ግሎ ዘይት ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት እንዲለዝብ የተደረገ ነው። የብየዳው ሙቀት ይህን ሁሉ ያበላሻል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፣ ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ ይለሰልሳል። ሻንሲ ሲበየድ እንኳ የብየዳውን መሬት ገመድ ባሌስትራው ላይ ማሰር አይገባም፤ ብልጭታው የተወው ነጥብ ለስንጥቅ መነሻ ይበቃል። በጭነት ጊዜ የሚለጠጠው የቅጠሉ የላይኛው ገጽ በመሆኑ፣ በዚያ በኩል የመዶሻ ወይም የመፍጫ ጭረት መተውም እንዲሁ አደገኛ ነው።

አራተኛው፣ መጠኑን እስካሟላ ድረስ ማንኛውም ብረት ቅጠል ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ነው። ይህ ስህተት ቶሎ አይጋለጥም። ተራ ብረትም ሆነ የባሌስትራ ብረት በጭነት ሥር መጀመሪያ የሚለመጡት በተቀራራቢ መጠን ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ቅጠል ተገጥሞ ሲሞከር ደህና ይመስላል። ልዩነቱ ያለው ምን ያህል ተለምጦ ወደ ቦታው ሊመለስ እንደሚችል ላይ ነው። ተራው ብረት ከባድ ምት ሲያገኘው እንደጎበጠ ይቀራል።

ባሌስትራውን ከአክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን ከሚያያይዘው ዘንግ፣ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አጥብቆ መርሳትም ተገቢ አይደለም። ማሰሪያው ሲላላ መሃል ያለው ብሎን ይቆረጣል፣ አክስሉም ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስለሆነም አዲስ ባሌስትራ ጥቂት ጊዜ ጭኖ ከተመላለሰ በኋላ አምራቹ ባዘዘው መጠን እንደገና መጥበቅ አለበት።

በመጨረሻም የአንድ ጎን ባሌስትራ ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አሮጌው በኩል ያዘነብለዋል። ሁለቱን በአንድ ላይ መቀየር ካልተቻለ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ባዶውን አቁሞ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ መለካት፣ ልዩነት ከታየም ጭነት ከመጫን በፊት ማስተካከል ያስፈልጋል።