ለጓሮ ማድ ቤትና ለሰርቪስ መብራት እንዴት ይዘረጋል?

ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን ብቻ ጠብቆ አይመጣም። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። ከትልቁ ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ግቢው በር የሚሄድ መስመር ዋና ጠላቱ ውሃ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉና በቴስተር አረጋግጡ። ለቤተሰቡም ንገሩ፤ ሳያውቅ ሄዶ የሚያበራ አይጠፋም። ቆጣሪው ጋ አትድረሱ፣ እሱ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ሙያው ከሌላችሁ ቦዩን ቆፍሩ፣ ቱቦውን ቅበሩ፣ ማገናኘቱን ለኤሌክትሪሺያን ተዉለት።

ለውጭው መስመር የራሱን 10 አምፔር ብሬከር ስጡት። ከሱ ጋር፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ስድስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ቢደመር 54 ዋት ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት ስለሚያልፍ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል።

ብዙ ግቢ ውስጥ ሽቦው ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ንፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን ይፍቀዋል። መዳቡ ከወጣ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እዚያ ላይ የታሰረ የልብስ ማስጫ ሽቦም ጭምር። ስለዚህ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት። መሬት ውስጥ ምንም መቀጠያ አይኑር።

ሦስት ሽቦ ይሳባል፦ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ፣ የሚመልሰው ኒውትራል እና ከመሬት ጋር የሚያያዘው ቢጫ አረንጓዴው ኧርዝ። በማብሪያ ማጥፊያው በኩል የሚያልፈው ፌዙ ነው። ኒውትራሉን ከቆረጣችሁ መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። አምፖል ሲቀየር ሰው የሚይዘው እንዲህ ነው። የብረት አካል ያለው መብራት ኧርዝ ይታሰርለት።

ሽቦ መቀጠል ካለባችሁ ውሃ በማያስገባ ቦክስ ውስጥ፣ በማያያዣ ይሁን እንጂ በፕላስተር ተጠቅልሎ አይቅር። ገመዱ ወደ ቦክሱ ከታች ይግባ። ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ። ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ይወርድና እጥፋቱ ጋ ይንጠባጠባል፣ ቦክሱ ውስጥ አይገባም። መብራቱ አይፒ 65 የሚል፣ ማለትም አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ ይሁን፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ከበሩ ውስጥ አድርጉት።

ሲያልቅ አብሩትና የመከላከያውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ። ወዲያው መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ መስመሩን አጥፍታችሁ አስቀይሩት።