ቀርፋፋ የሆነ የአንድሮይድ ስቱዲዮን ለማፍጠን ሲሞከር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድሮይድ መተግበሪያዎች በሚጻፉበት በአንድሮይድ ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አንዲት ቃል አርሞ የማስኬጃውን ምልክት ይጫናል፤ የኮምፒውተሩ ፋን መጮህ ይጀምራል፤ ከታች ያለው መስመር እየተንቀራፈፈ ይሞላል፤ ፕሮግራመሩም እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን አንሥቶ ሌላ ነገር ያያል። ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ መተግበሪያ የመቀየሩ ሥራ) ሲያልቅ ምን ለማየት እንደፈለገ ረስቶታል። ይህ በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ ሲደጋገም ሰውየው ትዕግሥቱን ያጣና መፍትሔ ፍለጋ ይነሣል፤ ያገኘውን ምክር ሁሉ ይሞክራል፤ ሴቲንግ ይቀያይራል፤ ካሽ (እንዳይደገም የተቀመጠውን ያለቀ ሥራ) ያጠፋል። እኔ ካየኋቸው ቀርፋፋ ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙዎቹን ያዘገያቸው ለማፍጠን ተብሎ የተደረገባቸው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ስህተቶች ናቸው። በፍላተር ወይም በሪአክት ኔቲቭ የሚሠሩ ሰዎችም የአንድሮይዱን ቢልድ የሚሠራላቸው ያው ግሬድል የተባለው የቢልድ መሣሪያ ስለሆነ አብዛኛው ይመለከታቸዋል።

የዘገየው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይለዩ መጀመር

«ስቱዲዮው ቀርፋፋ ነው» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። ኮድ ሲጽፉ ፊደሉ ዘግይቶ የሚታይ ከሆነ ችግሩ ያለው ኤዲተሩ ላይ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲከፈት «ኢንዴክሲንግ» የሚለው ጽሑፍ አልጠፋ ካለ በዲስኩ ወይም ዲስኩን በሚሻማው ሌላ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ቢልዱ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ግሬድል ላይ ነው፤ ሁሉም ደህና ሆኖ መተግበሪያው ስክሪኑ ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ መታየት ያለበት ኢምዩሌተሩ (በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ስልክ የሚሠራው ፕሮግራም) ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ምንም አይፈይድም፤ ለግሬድል ራም መጨመር የኢምዩሌተርን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ለቢልድ መለኪያው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ አለ። ቢልድ አናላይዘር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 4.0 እትም ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ሲሆን፣ የትኛው ሥራ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ፣ የትኛው ፕለጊን ጊዜ እንደበላ፣ ለጋርቤጅ ኮሌክሽንም (የማያስፈልገውን ዳታ ከራም ለማጽዳት) ምን ያህል እንደባከነ ያሳያል። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን በእጅ መለካት ይበቃል፦ ምንም ሳይቀይሩ ቢልድ ሲያደርጉ የሚወስደውን ጊዜ፣ እና አንድ መስመር ብቻ ቀይረው ቢልድ ሲያደርጉ የሚወስደውን ጊዜ። የመጀመሪያው በጥቂት ሰከንድ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ በየጊዜው ያለ ምክንያት የሚደገም ሥራ አለ ማለት ነው። ስቱዲዮው እንደተከፈተ የተደረገውን የመጀመሪያ ቢልድ ግን ከቁጥር አያስገቡት፤ የግሬድል ዴመን (ከበስተጀርባ ተነሥቶ የሚቆየው ፕሮግራም) ገና ስላልሞቀ ሁልጊዜ ይዘገያል።

ራም ያለ ልክ ማደል

በጣም የተለመደው ምክር «ሂፑን ጨምር»፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዲጠቀም የተፈቀደውን የራም ጣሪያ ከፍ አድርግ የሚለው ነው፤ በልኩ ከተደረገም እውነትነት አለው። ለግሬድል የተፈቀደው ራም ለፕሮጀክቱ ካነሰ ጋርቤጅ ኮሌክሽኑ ደጋግሞ እየተነሣ ሥራውን ያቆመዋል፤ ይህም በቢልድ አናላይዘር በግልጽ ይታያል። ስህተቱ የሚጀምረው ቁጥሩን በቻሉት መጠን ከፍ ማድረግ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ከማሰብ ነው።

8 ጊጋባይት ራም ያለውን ኮምፒውተር እንውሰድና እንቁጠር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ብዙ ገጽ የተከፈተበት ብሮውዘር 3 ጊጋባይት ይያዙ እንበል። ለስቱዲዮው ለራሱ 2 ጊጋባይት ጣሪያ ተሰጥቶታል። ባለቤቱ በአንድ ምክር ተመርቶ ለግሬድል 4 ጊጋባይት ፈቀደ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ ኮዱ የተጻፈበትን ቋንቋ ኮትሊንን ኮምፓይል የሚያደርገው ሌላ ዴመን ሲሆን፣ ለብቻው ልክ ካልተጻፈለት ጣሪያውን ከግሬድል ይወርሳል፤ ስለዚህ እሱም እስከ 4 ጊጋባይት የመሄድ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። ኢምዩሌተሩ ደግሞ 2 ጊጋባይት ይወስዳል። ድምሩ 15 ሆነ። ጣሪያ ማለት የግድ ይሞላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ ጣሪያቸው ሲጠጉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም። የመዳፊቱ ቀስት ሳይቀር የሚቆምባቸው እነዚያ ደቂቃዎች የሚመጡት ከዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሻለው ለግሬድል 2 ጊጋባይት ብቻ መስጠት፣ ለኮትሊን ዴመንም የራሱን ልክ የግሬድል ሴቲንግ በሚጻፍበት በግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል ላይ መጻፍ፣ ኢምዩሌተሩን ዘግቶ በኬብል በተገናኘ እውነተኛ ስልክ መሥራት ነው። የአንድሮይድ ስቱዲዮ ይፋዊ መስፈርትም ቢሆን ለስቱዲዮው ብቻ 8፣ ከኢምዩሌተር ጋር 16 ጊጋባይት በትንሹ ይጠይቃል።

ከዚሁ ጋር አንድ የተደበቀ ሌባ አለ። ስቱዲዮው በአንድ የጃቫ እትም፣ ተርሚናሉ በሌላ የጃቫ እትም ግሬድልን የሚያስነሡ ከሆነ ሁለቱ አንድ ዴመን መጋራት ስለማይችሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያስነሣሉ፤ ሥራ የፈታ ዴመን ደግሞ በራሱ እስኪጠፋ 3 ሰዓት ይቆያል። በተርሚናል ግሬድልን «ስታተስ» ብለው ቢጠይቁት ስንት ዴመን እንዳለ ይነግርዎታል። መፍትሔው ሁለቱንም ወደ አንድ ጃቫ ማምጣት ነው።

ችግር በታየ ቁጥር «ክሊን» ማድረግና ካሽ ማጥፋት

ቀይ መስመር በታየ ቁጥር «ክሊን ፕሮጀክት»ን መጫን ለብዙዎች ልማድ ሆኗል። የግሬድል ፍጥነት በሙሉ የተመሠረተው ቀድሞ የሠራውን ባለመድገሙ ላይ ነው፤ ክሊን ማድረግ ያንን የተሠራ ሥራ በእጅ መጣል ነው። «ኢንቫሊዴት ካሽስ» የሚለው ደግሞ የኤዲተሩን ማውጫ ስለሚያጠፋ ስቱዲዮው በሚቀጥለው ሲከፈት ፕሮጀክቱንና ላይብረሪዎቹን በሙሉ እንደ አዲስ ያነባል። ኤዲተሩ ያለን ክላስ «የለም» እያለ ሲያስቸግር ይህ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ቢልድን ግን አያፈጥንም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ይልቁንስ ካሽ እንዲጠራቀም ማድረግ ይገባል። የቢልድ ካሽ (የሥራዎቹን ውጤት የሚያስቀምጠው) እና የኮንፊገሬሽን ካሽ (የቢልዱን ዝግጅት የሚያስቀምጠው) ሁለቱም በግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል በአንድ አንድ መስመር የሚበሩ ናቸው። ሁለተኛው ከግሬድል 8.1 ጀምሮ የተረጋጋ ሲሆን፣ ሞጁሉ (ፕሮጀክቱ የሚከፋፈልበት ክፍል) በበዛ ፕሮጀክት ላይ ቢልዱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን መጠበቅ በእጅጉ ያሳጥራል። አሮጌ ፕለጊን ካለ መጀመሪያ ላይ ስህተት ሊያወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ካሹን ከማጥፋት ፕለጊኑን ማሳደግ ይሻላል። ሞጁሎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደው የፓራለል ሴቲንግም ጥሩ ነው፤ መተግበሪያው አንድ ሞጁል ብቻ ከሆነ ግን የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በየቢልዱ የሚለዋወጥ ነገር ኮዱ ውስጥ መተው

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደበቀው ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአንድ ወቅት የተረከብሁት ፕሮጀክት ምንም ሳይነካ ቢልድ ሲደረግ እንኳ ከደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። ራሙ በቂ ነበር፤ ዲስኩ ጥሩ ነበር፤ ካሹም በርቷል። ቡድኑ «ፕሮጀክቱ ትልቅ ስለሆነ ነው» ብሎ ተቀብሎት ነበር። ግሬድልን ዝርዝር መረጃ እንዲያወጣ «ኢንፎ» በሚለው ትእዛዝ ሳስኬደው፣ አንድን ሥራ ለምን እንደደገመ በግልጽ ጻፈ፦ የአንዱ ግብዓት ዋጋ ተቀይሯል። ግብዓቱ ቢልዱ የተደረገበት ሰዓት ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «ስለ መተግበሪያው» በሚለው ገጽ ላይ ሰዓቱ እንዲታይ ፈልጎ አንዲት መስመር አስገብቷል። ሰዓቱ በየቢልዱ ስለሚለያይ ቢልድ ኮንፊግ የተባለው ክላስ በየጊዜው ይቀየራል፤ እሱ ሲቀየር የሚጠቀሙበት ፋይሎች ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰንሰለትም ይከተላል።

ያረምነው በአንድ መስመር ነው፤ ለልማት በሚውለው ቢልድ ሰዓቱ ቋሚ ቁጥር ሆነ፤ እውነተኛው ሰዓት ለሚለቀቀው ቢልድ ብቻ ቀረ። የእትም ቁጥርን ከሰዓት የሚያወጡ ፕሮጀክቶች ይኸው በሽታ አለባቸው፤ ከመጨረሻው የጊት ኮሚት የሚያወጡትን ደግሞ በየኮሚቱ ያገኛቸዋል። ይህን የሚያድን ራም በገበያ ላይ የለም።

ካፕትን እስከ ዘላለም ማቆየት

እንደ ሩም እና ሂልት ያሉ ላይብረሪዎች ኮድ የሚያመነጩት በአኖቴሽን፣ ማለትም ኮዱ ላይ በሚለጠፉ ምልክቶች ነው። ካፕት የተባለው የቆየ መሣሪያ ይህን ለመሥራት የኮትሊኑን ኮድ መጀመሪያ ወደ ጃቫ ቅርፊት መቀየር አለበት፤ አዲሱ መሣሪያ ኬኤስፒ ግን ኮትሊኑን በቀጥታ ያነባል፤ እንደ ኮትሊን ሰነድ ከሆነም እስከ ሁለት እጥፍ ሊፈጥን ይችላል። ሩምም ሂልትም ኬኤስፒን ይደግፋሉ። ሲሸጋገሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ አይቁሙ፤ በአንድ ሞጁል ውስጥ አንድ ላይብረሪ እንኳ በካፕት ከቀረ ቅርፊቱን የመሥራቱ ወጪ እንዳለ ይቀጥላል፤ የኬኤስፒውም ይደመርበታል።

የላይብረሪ እትምን በመደመር ምልክት መተው

ከእትም ቁጥር ይልቅ የመደመር ምልክት ከተጻፈ ግሬድል አዲስ እትም መውጣት አለመውጣቱን በየ24 ሰዓቱ ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ ይጠይቃል። ኢንተርኔቱ ደካማ ሲሆን ጠዋት የሚደረገው የመጀመሪያ ቢልድ የሚንጠለጠለው በዚህ ነው። ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ይጻፉ። የሪፖዚተሪዎች (ላይብረሪ የሚወርድባቸው ማከማቻዎች) ቅደም ተከተልም ይታይ፤ ግሬድል የሚፈልገው በተጻፉበት ተራ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ነገር መቀበል ያቆመው ጄሴንተር የተባለው ማከማቻ በአሮጌ ፕሮጀክት አናት ላይ ተቀምጦ ከሆነ ይሰረዝ።

አንቲቫይረሱን መርሳት፣ ወይም ጨርሶ ማጥፋት

አንድ ቢልድ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጽፋል፤ ያነባል፤ ይሰርዛል። የዊንዶውስ አንቲቫይረስ እያንዳንዱን ሲነካ ይፈትሻል። ስቱዲዮው ራሱ ይህን አይቶ ፎልደሮቹ ከፍተሻ ይውጡ ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎች መልእክቱን ሳያነቡ ይዘጉታል። መውጣት ያለባቸው የፕሮጀክቱ ፎልደር፣ የግሬድል ካሽ፣ ኤስዲኬው (የአንድሮይድ መሥሪያ ጥቅሉ) እና ስቱዲዮው ማውጫውን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ናቸው። በሌላ ጽንፍ ደግሞ አንቲቫይረሱን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፉ አሉ፤ ከማይታወቁ ምንጮች ላይብረሪ የሚያወርድ ሰው እንዲህ ባያደርግ ይመከራል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ይገባል።

ኢምዩሌተሩን ያለ ሃርድዌር እገዛ ማስኬድ

ኢምዩሌተር በተገቢው ፍጥነት የሚሄደው ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲያግዘው ነው፤ በሊኑክስ ይህን የሚሠራው ኬቪኤም ነው፤ በማክ የአፕል ሃይፐርቫይዘር ፍሬምወርክ ነው። በዊንዶውስ ላይ ግን ብዙ አሮጌ ምክሮች አሁንም ሃክስም የተባለውን የኢንቴል ማፋጠኛ እንዲጭኑ ይነግራሉ፤ ኢንቴል ግን ሃክስምን መሥራት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አቁሟል። አሁን በቦታው ያለው የዊንዶውስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ነው፤ በቅድሚያ ግን ቨርቹዋላይዜሽን ባዮስ ውስጥ መብራቱን ያረጋግጡ። ጠፍቶ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ኢምዩሌተሩ የሚያስኬደው የአንድሮይድ ቅጂ (ሲስተም ኢሜጁ) ዓይነትም ከፕሮሰሰሩ ጋር መግጠም አለበት፤ በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ የኤክስ86 ኢሜጅ፣ በአፕል ሲሊከን ማክ ላይ የአርም ኢሜጅ ይመረጣል። ካልገጠመ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ትእዛዝ መተርጎም ስላለበት ኢምዩሌተሩ ይንፏቀቃል፤ ወይም ጨርሶ አይነሣም። ኢምዩሌተሩንም በየቢልዱ ዘግቶ መክፈት አያስፈልግም፤ ሲዘጋ ሁኔታውን በስናፕሾት ስለሚያስቀምጥ ቢዘጉት እንኳን ዳግም ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል።

አዲስ ኮምፒውተር መግዛትን ማስቀደም፣ ወይም የማይቻለውን ከሴቲንግ መጠበቅ

ከላይ ያሉት ሳይታዩ የተገዛ ኃይለኛ ኮምፒውተር ያንኑ የሰዓት መስመር በፍጥነት እየደጋገመ ኮምፓይል ያደርጋል። በአንጻሩ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ፕሮጀክቱ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚነካ ሴቲንግ የለም። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ዲስኩ ነው፤ ወደ ኤስኤስዲ። ሲቀይሩ ፕሮጀክቱን ብቻ አያዛውሩ፤ የግሬድል ካሹ በዩዘሩ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ አሮጌው ዲስክ ላይ ተረስቶ ይቀራል፤ ግሬድልም ላይብረሪዎቹን ከዚያው ማንበቡን ይቀጥላል።