ናኖው ነው ያጸዳው ወይስ ያልታጠበው አሞኒያ?

ሰሞኑን እዚህ አዳማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ተማሪ እየበረረ መጣ። "ጋሼ፣ 99 በመቶ!" በማግኔታይት ናኖ፣ ማለትም ማግኔት በሚስበው እጅግ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት፣ ከውሃው ያወጣውን እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ማለቱ ነው። ፊቱ በርቷል። "ፒኤቹ ስንት ነበር?" አልኩት፤ የውሃው የአሲድነት ልኬት ማለቴ ነው፣ ዝቅ ሲል አሲድ፣ 7 ሲሆን መሃል። ጭጭ።

ይኼ ጭጭታ ሰልችቶኛል። ማግኔታይት ስትሠሩ አሞኒያ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትጨምራላችሁ አይደል? ዱቄቱን በቅጡ ካላጠባችሁት ያ ነገር አብሮት ይቀራል። ውሃው ውስጥ ስትከቱት ፒኤቹን ሽቅብ ይወስደዋል፤ ከ6 እያለፈ ሲሄድ እርሳሱ በራሱ ጊዜ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ መዝቀጥ ይጀምራል፤ እናንተ ደግሞ ናኖው ያዘልን ብላችሁ ግራፍ ትሠራላችሁ። ለዚህ ለዚህማ አንድ ማንኪያ ኖራ ይበቃ ነበር! የእጥበቱ ውሃ ፒኤች 7 አካባቢ እስኪመጣ እጠቡ። ከጎኑም ለማነጻጸሪያ ናኖ ያልገባበት፣ ፒኤቹ እኩል የሆነ ብልቃጥ አስቀምጡ። እኔም ለመመረቂያዬ ሦስት ወር የለፋሁበትን ሥራ አማካሪዬ በዚችው አንዲት ጥያቄ ነው ገደል የከተቱብኝ።

ደግሞ 99 በመቶ ሲባል ከስንት? በሊትር 100 ሚሊግራም ብላችሁ ከጀመራችሁ 1 ሚሊግራም ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። መቶ እጥፍ! መቶኛውን ተዉትና የቀረውን ንገሩኝ።

ክሮሚየም ላይ የምትሠሩ፣ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ከተማ ሞጆ ቅርባችን ስለሆነች ብዙ ናችሁ፣ የእርሳሱን አሠራር እንዳለ አትገልብጡ። ክሮሚየም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣል፣ ስድስተኛው (Cr(VI)) እና ሦስተኛው (Cr(III))። ስድስተኛው ክሮሚየም ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ማግኔታይት ላይ የሚጣበቀው አሲድ ሲበዛ ነው። ቆዳ ፋብሪካ የሚያለፋበት ጨው ግን ሦስተኛው ነው። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ።

ተራ ማጣሪያ ወረቀት ናኖ አይዝም። በማግኔት ሰብስቡ፣ ከዚያ ውሃውን በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት። ናኖው ሳይለይ፣ ለመለካት ብላችሁ ናሙናው ላይ ናይትሪክ አሲድ ከጨመራችሁ ደግሞ የያዘውን ሁሉ መልሶ ይተፋዋል።

በተጣራ ውሃ ብቻ ሞክሮ "ለአዋሽ ይሆናል" የሚልም አለ። አዋሽ ካልሲየም አለው፣ ማግኒዥየም አለው፣ ጭቃ አለው፤ ሁሉም ናኖው ላይ ያለውን ቦታ ከእርሳሱ ጋር ይሻማል። አንድ ጀሪካን ቀድቶ መሞከር ምን ይከብዳል?

ፍሎራይድንም ከእርሳስና ከክሮሚየም ጋር የምትደረድሩ አላችሁ፤ ፍሎራይድ ከባድ ብረት አይደለም። ውሃው ፍሎራይድ የሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ ልጅ ይኼን ሲስት ያሳፍራል።

የተጠቀማችሁበትን ዱቄት አትድፉ። ባለፈው አንዷን ጎበዝ ልጅ፣ በእውነት ጎበዝ ናት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለቅማ ያወጣችውን ካድሚየም፣ እሱም መርዛማ ብረት ነው፣ ከነማግኔታይቱ ሲንክ ውስጥ ስታፈሰው ያዝኳት። ከውሃ አውጥታ ወደ ውሃ! ክዳን ያለው ባልዲ አምጥቼ አስቀመጥኩና ከሲንኩ በላይ "ሁለተኛ!" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ማን እንደጻፈበት እንጃ፣ ከሥሩ "እሺ ጋሼ" ተብሏል።